የበርኖሱና የቮልሷ ፎቶ፦ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያለን መኪና እንዴት እንለያለን?

ደብረ ብርሃን በሚገኘው የአያቶቼ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ወንድ አያቴ ጥቁር የመንዝ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ክርናቸውን በአንዲት ቮልስዋገን ጀርባ ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። ቤተሰቡ ሁሉ «የሠርጋቸው ሰሞን፣ በ1945 ዓ.ም. የተነሡት ነው» ይል ነበር። እኔም ስጠየቅ ይህንኑ ስደግም ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው ዓይኔ ከአያቴ ላይ ወደ መኪናዋ የኋላ መስኮት ተሻገረ። መስኮቱ ሰፊ አራት ማዕዘን ነው። እንዲህ ያለ መስኮት ያላት ቮልስ ደግሞ ከፋብሪካ መውጣት የጀመረችው በነሐሴ 1949 ዓ.ም. ነው። በ1945 ዓ.ም. ያገባ ሙሽራ ከአራት ዓመት በኋላ የምትሠራ መኪና ሊደገፍ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የዘመድ አዝማዱን አልበም ሁሉ እየለመንኩ ሳገላብጥ ከረምኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚሁ ሥራ የለመድኩትን አካሄድ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ፤ መኪና የፎቶውን ዕለት አይነግረንም። የሚነግረን «ከዚህ ዓመት ወዲህ» የሚለውን ብቻ ነው። በ1930ዎቹ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ካሚዮን ከዓመታት በኋላም የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ይታያልና።

አንደኛ፦ ፎቶውን ሳትጎዱ ቅጂ አውጡ

ዋናውን ፎቶ ደጋግማችሁ አትንኩት። ስካነር ካገኛችሁ በ600 ዲፒአይ ቅዱት፤ ትናንሾቹን የፓስፖርት መጠን ያላቸውን ደግሞ በ1200። ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል። ፎቶውን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ ፍላሽ አጥፉ፤ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ዘንበል ካለ ክቡ ቸርኬ ሞላላ ሆኖ ይወጣና ኋላ ያሳስታችኋል። ጀርባውንም አንሡ። የስቱዲዮ ማኅተም፣ የወረቀቱ ስም፣ በእርሳስ የተጫረ ቁጥር አንዳንዴ ከመኪናው ይልቅ ያወራል። በውኃም ሆነ በአልኮል ልጥረግ ማለት ግን አይሞከርም፤ የጎረቤቴን አልበም ያበላሸው ዝናብ አልነበረም፣ እርጥብ ጨርቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ፎቶው ተገልብጦ እንዳልታተመ አረጋግጡ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፊልሙ በተቃራኒ ገጹ ተቀምጦ ከታተመ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ቀኝ መሪ ያለው መኪና የግራ መሪ መስሎ ይታያል። መጀመሪያ ጽሑፍ ፈልጉ፤ ታርጋ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ። ፊደሉ በመስታወት እንደታየ ከተገለበጠ ነገሩ አለቀ። ጽሑፍ ከሌለ የወንዶቹን ሸሚዝ ወይም ኮት ቁልፍ ተመልከቱ። የወንድ ልብስ ሲቆለፍ በለባሹ ግራ ያለው ጠርዝ ከላይ ይደረባል፤ ሁሉም ወንዶች በተቃራኒው ቆልፈው ከታዩ ፎቶው ነው የተገለበጠው።

ሦስተኛ፦ ከመኪናው በፊት መንገዱን አንብቡ

በሰሜን ሸዋ ፎቶ ላይ ቦታው ራሱ ግማሽ መልስ ነው። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ በደብረ ብርሃን አልፎ፣ በጣርማ በር አድርጎ፣ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻ የተፈለፈለው በጣሊያን ወረራ ዓመታት ነው። ስለዚህ የዋሻው አፍ የሚታይበት ፎቶ ከ1928 ዓ.ም. ሊቀድም አይችልም። መኪናዎች በተራራው ትከሻ ላይ እየተጥመዘመዙ ሲወጡ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ግን ከዋሻው በፊትም ሊሆን ይችላል። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የወረዱት በመኪና ነበርና መንገድ አልነበረም ብላችሁ አትደምድሙ።

መኪናዎቹ የመንገዱን የትኛውን ጎን ይዘው እንደሚሄዱም እዩ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ከድል በኋላ በተነሣ የከተማ ፎቶ ላይ ተሽከርካሪዎቹ ሁሉ ግራቸውን ይዘው ከሄዱ ከዚህ ቀን በፊት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። በጠባቡ የጣርማ በር ጠመዝማዛ ላይ ሹፌር ሁሉ መሐል መንገድ ስለሚይዝ አንድ መኪና ብቻዋን ምስክር አትሆንም፤ ሲተላለፉ ነው መታየት ያለባቸው። ሁለተኛው፣ የመንገዱን ጎን ከመሪው ጎን ጋር አታምታቱ። በግራ በሚነዳበት ዘመንም የግራ መሪ ያላቸው የአሜሪካ መኪናዎች ነበሩ፤ በቀኝ መንዳት ከተጀመረ በኋላም ቀኝ መሪ ያላቸው የጣሊያን ካሚዮኖች ሲሠሩ ኖረዋል።

ከጀርባ የተጻፈ ዓመት ካለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። የሮማ ቁጥር ካያችሁ፣ ለምሳሌ «XVI» (አሥራ ስድስት) የሚል፣ የፋሽስቶቹ ዘመን ነው። ቆጠራቸው የሚጀምረው ከጥቅምት 1922 እንደ ፈረንጆች ነውና፣ በቁጥሩ ላይ 1914 ስትጨምሩ የእኛን ዓመት በግርድፉ ታገኛላችሁ፤ 16 ሲሆን 1930 ዓ.ም. ማለት ነው። የመኪና መጻሕፍት ደግሞ ሁሉንም በፈረንጅ ይጽፋሉ። ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ሳይረሳ አይቀርም፤ እኔም ረስቼ አንድን ሙሉ አልበም ስምንት ዓመት ወደፊት ገፍቼው አውቃለሁ።

አራተኛ፦ አርማ ከመፈለጋችሁ በፊት ጥላውን እዩ

ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ የመኪናውን ጥቅል ቅርጽ ብቻ ተመልከቱ። የፊት መብራቶቹ በዘንግ ላይ ለብቻቸው ቆመው፣ ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መከለያዎቹ) እንደ ክንፍ ተነጥለው፣ ከበሩ በታች ረጅም የእግር መርገጫ ካለ፣ የፊት መስታወቱም ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ መኪናው ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁሉም ነገር መዞርና መክበብ ይጀምራል፤ መብራቶቹም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፓራፋንጎው ይሰምጣሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓራፋንጎና በር አንድ ወጥ ግድግዳ ይሆናሉ፤ በ1940 ዓ.ም. የወጣው ፎርድ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። መሐሉ ላይ በብረት ለሁለት የተከፈለ የፊት መስታወት በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይ ለአንድ ወጥ ጎባጣ መስታወት ቦታውን ይለቃል። አራት ክብ የፊት መብራት ያላት የአሜሪካ መኪና ደግሞ ከ1949 ዓ.ም. አትቀድምም።

ቀለምን አትመኑ። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብዙውን ጊዜ ቀይን አጥቁሮ ያሳያል፤ «የአባቴ ጥቁር መኪና» ቀይ ሆና የተገኘችበት ጊዜ አለ።

አምስተኛ፦ ካሚዮኖቹን ለብቻ ያዟቸው

በእኛ አካባቢ አልበም ውስጥ ከቤት መኪና ይልቅ የጭነት መኪና ይበዛል። መንገዱ የንግድና የጦር መንገድ ነበርና። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎችን አስከትሎ ነው። ጣርማ በር ላይ አርበኞች መንገዱን አፍርሰውት ሰልፉ መቆሙም ይታወቃል። በዚህ ሰልፍ ፎቶዎች ላይ ከፊያትና ከላንቻ ጎን የአሜሪካ ሥሪቶችም ስለሚታዩ «ጣሊያን ጊዜ ነውና ፊያት ነው» ማለት አያዋጣም። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር በዚሁ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ሲዘልቅ የራሱን መኪኖች ይዞ አልፏል።

ታዲያ በምን እንለያቸው? ከአፍንጫቸው ጀምሩ። ሽማግሌዎቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 ረጅም ኮፈን (የሞተር መክደኛ) ከፊት ያወጣ፣ ራዲያተሩ እንደ በር ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቸርኬው ወፋፍራም የብረት ክንዶች ያሉት ከባድ ካሚዮን ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። መሠራት የጀመረው በ1923 ዓ.ም. ነበር። «ላንቻ ሮ» የተባለውም ከሩቅ ሲያዩት ይመስለዋል፤ እዚህ ላይ የሚለያቸው የራዲያተሩ አርማ ነው። የላንቻው አርማ በጋሻ ቅርጽ ውስጥ መሪና ባንዲራ አለበት። አርማው ካልታየ «ፊያት ወይም ላንቻ» ብላችሁ መጻፍ ነውር የለውም።

ኮፈን የሌለው፣ ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ አፍንጫ ቢስ የጣሊያን ካሚዮን ካያችሁ ግን ዘመኑ ወደዚህ ይቀርባል። ፊያት 626 በ1931 ዓ.ም. ገደማ ነው የመጣው። እሱን ተከትሎ ከ1944 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው 682 ደግሞ አፍሪካን ያዳረሰው ነው፤ በሦስተኛው ዓይነቱ ስም «ኤንትሬ» እያልን የምንጠራው ይህንኑ ነው። ፊቱን ስታዩ ከአርማው ግራና ቀኝ እንደ ሪዝ የተዘረጋ የብረት ጌጥ አለው። ጣሊያኖቹም ራሳቸው «ባለሪዙ» ይሉታል። በደብረ ብርሃን ወይም በሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር እህል ጭኖ የቆመ ሪዛም ካሚዮን ካገኛችሁ «በጣሊያን ጊዜ» የሚለው የቤተሰብ ወሬ ያን ጊዜውኑ ይወድቃል።

አውቶቡስና የተቀየረ ካሚዮን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኋላው አካል ብዙ ጊዜ እዚሁ አገር የተሠራ የእንጨትና የቆርቆሮ ሥራ ነው። ካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ)፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ዕቃ መጫኛ ስለ ሞዴሉ ምንም አይነግራችሁም። ከፊት መስታወቱ ወደፊት ያለውን ብቻ አንብቡ። እሱንም ቢሆን በጥርጣሬ አንብቡ፤ ባለ ጋራዥ ያገኘውን መብራት ይገጥማል፣ ከአንዱ ሬሳ ራዲያተር ፈትቶ ለሌላው ያስራል።

ስድስተኛ፦ ትናንሾቹ፦ ቮልስ፣ ፊያት፣ ላንድሮቨር፣ ጂፕ

ከሁሉም ለጀማሪ የምትቀለው ቮልስ ናት፤ መልኳ ሳይለወጥ ዝርዝሯ ስለሚለወጥ። ከኋላ ከታየች መስኮቷን እዩ። መሐሉ ላይ በብረት የተከፈለ ከሆነ ከመጋቢት 1945 ዓ.ም. በፊት ነው የተሠራችው። አንድ ወጥ ሆኖ ትንሽ እንቁላል ቅርጽ ከያዘ እስከ 1949 ዓ.ም. ክረምት ድረስ። ሰፊ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ ወዲህ፤ ከ1956 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም መስኮቶቿ ሁሉ ትንሽ ሰፍተዋል። ከፊት ከታየች ደግሞ መብራቶቿን እዩ፤ ወደኋላ ተጋድመው በመስታወት የተሸፈኑት የድሮዎቹ ናቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙት ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የመጡ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት የወሰደችው ቮልስ ፎቶ በብዙ ሰው ዓይን ውስጥ አለ፤ ያንን ፎቶ እንደ መለማመጃ ተጠቀሙበት። ዕለቱ በትክክል ስለሚታወቅ ከመኪናዋ የምታነቡት ዓመት ከዕለቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ታያላችሁ።

የፊያት ቤተሰብ ውስጥ ቁልፉ የበሩ ማጠፊያ ነው። ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ በ1947 ዓ.ም. ስትወጣ በሯ የሚከፈተው ከፊት በኩል ነበር፤ ማጠፊያው ከኋላ ነው ማለት ነው። ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ማጠፊያው ወደ ፊት ዞረ። በሩ ተዘግቶም ቢሆን እጀታው የት እንዳለ ካያችሁ ይገባችኋል፤ እጀታ ከማጠፊያ በተቃራኒው ነው የሚቀመጠው። ከእሷ የምትቀድመው ቶፖሊኖ በ1928 ዓ.ም. የወጣች ናት፤ የፊት መብራቶቿ ከፓራፋንጎው ጋር የተዋሐዱላት በ1941 ዓ.ም. ነው።

ፊያት 124ና ላዳ ሰው ሁሉ የሚያምታታቸው ናቸው፤ ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ የተወለደች ስለሆነች። እንደገና ወደ እጀታው ተመለሱ። የፊያቷ እጀታ ወደ ውጭ የወጣና በአውራ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ ያለው ነው፤ የላዳዋ ከበሩ ጋር ተስተካክሎ የተቀበረ ነው። ላዳ ሆና አራት ክብ መብራት ካላት ከመጀመሪያው ሞዴል በኋላ የመጣች ናት፤ መብራቶቿ አራት ማዕዘን ከሆኑ ደግሞ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ።

ላንድሮቨር የአውራ ጎዳናው፣ የጤና ዘመቻው፣ የወረዳ ገዢው መኪና ነበረች። መብራቶቿ በአፍንጫዋ መሐል፣ ከራዲያተሩ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው ከተቀመጡ የድሮዋ ናት። ወደ ፓራፋንጎዎቹ የወጡት በ1961 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጎኗ ከላይ እስከ ታች እንደ ሣጥን ቀጥ ካለ የመጀመሪያዋ ተከታታይ፣ ከ1940 እስከ 1950 ዓ.ም. የተሠራችው፤ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ሆዷን ነፋ ካደረገች ከዚያ በኋላ የመጣች። የፊት ፍርግርጉ ፕላስቲክ ከሆነ ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ።

ጂፕን በጣት ቁጠሩት። በፊት ብረቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ዘጠኝ ከሆኑ የጦርነቱ ጊዜ ጂፕ ነው፤ ሰባት ከሆኑ ለሲቪል የተሠራው፣ ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ።

ሰባተኛ፦ መልሳችሁን ፈትኑ

ስልክ ላይ ያለው የምስል መፈለጊያ ጥሩ ረዳት ነው፣ መጥፎ ዳኛ። መኪናዋን ብቻ ቆርጣችሁ አስገቡ፤ ሰዎቹ ከገቡ በርኖስ የለበሰ ሰው ፍለጋ ይሄዳል። የሚያመጣላችሁን ስም ወዲያው አትቀበሉ። ቢያንስ ሦስት ነገር ይግጠም፤ የመስኮቶቹ ቁጥር፣ የበሩ እጀታ ቦታ፣ የቸርኬው ዓይነት። አንዱ ከተፋለሰ ዘመዷ ናት እንጂ እሷ አይደለችም። ርዝመቷን በጎማዋ ለኩ፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ስንት ጎማ ይገጥማል? ይህንን በትክክል ከጎን በተነሣ ሌላ ፎቶ ላይ ደግሙት። እንዲህ እየለኩ ከስድስት ዓይነት መኪና ወደ ሁለት መውረድ ይቻላል።

ቀጥሎ አዛውንት ሹፌርና መካኒክ ፈልጉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በጡረታ ላይ ያሉ የድሮ ሹፌሮች ቡና ቤት ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ይገኛሉ። ፎቶውን በትልቁ አሳትማችሁ ሂዱ፤ በስልክ ስክሪን ዓይናቸውን አታድክሙ። «ጋሼ፣ ይህ ምን ሞዴል ነው?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ። ሞዴል የሻጭ ቃል ነው። «ጋሼ፣ ይህንን ነድተውት ያውቃሉ? በማኖቬላ ነበር የሚነሣው? ጣርማ በርን በስንተኛ ማርሽ ነበር የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሽማግሌ ፎቶዬን ገና ከማየታቸው «ይህ እኮ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይታመንም፤ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ይሮጥ ነበር» አሉኝ። ካሚዮኑ የትኛው እንደሆነ ያወቅኩት ከዚህ ተነሥተው ባወሩልኝ ነው።

የመኪናውን ባለቤት ግን በፎቶው አትወስኑ። በዚያ ዘመን መኪና አጠገብ መነሣት ራሱ ክብር ነበር፤ ባለቤትነት ሌላ ነገር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ በጨርቅ ላይ የተሳለ መኪና ፊት የሚነሡም ነበሩ። የመኪናዋ ጥላ መሬት ላይ ካልወደቀ ወይም የሰውየው እግር ከጎማው ጋር በአንድ ወለል ላይ ካልቆመ ሥዕል መሆኑን ጠርጥሩ።

ስምንተኛ፦ ጻፉት

ከዋናው ፎቶ ፊት ላይ ምንም አትጻፉ፤ ከጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ ዘልቆ ይታያል። እርግጠኛ የሆናችሁበትን፣ የሚመስላችሁንና የሰማችሁትን ለዩ፤ ማን እንደነገራችሁም ጻፉ። ዓመቱን እንደ እኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.»፣ እንደ ፈረንጅ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትዝለሉ።

እኔም የአያቴን ፎቶ ይዤ ሴት አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ መስኮቱ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና መነጽራቸውን አጥልቀው ፎቶውን አቀረቡት። «እሱማ ልክ ነህ። ይህ ሠርጋችን አይደለም፤ የአጎትህ ክርስትና ነው፣ በ53። በርኖሱን የገዛሁላቸው በዚያ ዓመት ነው» አሉ።

«መኪናዋስ የማን ነበረች፣ እማማ?»

«የማን ትሁን? መንገደኛ ነው፤ ጎማው ተንፍሶበት ሊያስጠግን ደጃፋችን ቆሞ ነበር። ጠላ ሰጠነው፤ እሱም ፎቶ አነሣን።»

አሁን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ደብረ ብርሃን። መኪናዋ ቮልስዋገን፣ ከነሐሴ 1949 ዓ.ም. ወዲህና ከ1956 ዓ.ም. ክረምት በፊት የተሠራች (ከኋላ መስኮቷ)። ፎቶው በ1953 ዓ.ም.፣ የአጎቴ ክርስትና ዕለት (አያቴ እንደነገሩኝ)። መኪናዋ የእኛ አይደለችም።»